የራሳችንን ሰማይ ለኪልን

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ክረምቱ በሰላም ወጣ፣ መስቀልንም በደስታ አከበርን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው እየጠበቀች ነው።

ለማስትሬት ጥናትሽ ርዕስ መምረጥ እንዳስጨነቀሽ ነግረሽኝ ነበር። ከፊትሽ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው ብለሻል፦ አንቴና መንደፍ፣ የሬዲዮ ሞገድ ጉዞ ጥናት፣ ወይም በኮምፒውተር የሚሠራ የኤሌክትሮማግኔቲክ ስሌት። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በማይክሮዌቭ ጣቢያዎች ነው፤ የማውቀውንም የማምንበትንም ልንገርሽ።

ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተማቸው የኤሌክትሮማግኔቲክ እኩልታዎች ለንደንም ጉለሌም ያው ናቸው። ሰማዩ ግን አንድ አይደለም። ሞገዱ የሚያልፍበት ዝናብ፣ የሚዞረው ተራራ፣ ከላይ ነጥሮ የሚመለስበት የከባቢ አየር ንብርብር፣ አዮኖስፌር፣ ሁሉም እንደየአገሩ ይለያያል። እኛ የማይክሮዌቭ ሊንክ ስንነድፍ የምንከፍታቸው ሠንጠረዦች በአብዛኛው የተሠሩት በሌላ አገር ሰማይ ሥር ከተለካ መረጃ ነው። እኩልታውን ማንም ሊፈታው ይችላል፤ የእኛን ሰማይ ግን እዚህ የቆመ ሰው ካልለካው ማንም አይለካውም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ የሞገድ ጉዞን ምረጪ።

መጀመሪያ ከላይኛው ሰማይ ልጀምር። ካርታ ላይ የምናየው የምድር ወገብ ኬንያን አቋርጦ ያልፋል። የማግኔት መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር፣ ማለትም መግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ የሚያልፈው ግን በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባም ብዙ አይርቅም። በዚህ መስመር ላይ፣ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት አለ። ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ከሦስት ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ሳይንቲስቱ ሲድኒ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1951 ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ያለው ይህንን ነው። ዓለምን የሚዞር ቢሆንም፣ በየብስ ላይ ቆሞ ከሥሩ መለካት የሚችል አገር ጥቂት ነው፤ እኛ ከጥቂቶቹ አንዱ ነን።

ይህን ቀድመው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። አራት ኪሎ በሳይንስ ፋኩልቲው ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1958 የምድርን መግነጢስ መመዝገብ ጀመረ። ሥራውን የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ የአገራችን ልጅ እንዳወቀ ይዘንጋው አምበር የተባለውን የመግነጢስ መለኪያዎች መረብ በአፍሪካ ሲዘረጋ አንዱ መሣሪያ አዲግራት ተተከለ። የአሠራሩን ብልሃት ተመልከቺ። አዲስ አበባ ከፍሰቱ ሥር ናት፤ አዲግራት ከፍሰቱ ውጪ ናት። ከአዲስ አበባው ንባብ ላይ የአዲግራቱ ሲቀነስ የሁለቱ የጋራ የሆነው ይጠፋና የኤሌክትሮጄቱ ጉልበት ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ተነስቶ አዮኖስፌሩ በምን ያህል ፍጥነት ወደ ላይ እንደሚነሳ ይገመታል። ርካሽ መሣሪያ፣ ትክክለኛ ቦታና ትዕግሥት ሲገናኙ የሚሠሩት ሥራ ይህ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላ ነገር ይመጣል። ከአዮኖስፌሩ ታችኛው ጫፍ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው ትላልቅ አረፋዎች ወደ ላይ ይነሳሉ። የጂፒኤስ ሞገድ በእነሱ መካከል ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ ሲበረታም መቀበያው ሳተላይቱን ይስታል። በእኛ ቀበቶ ይህ የሚብሰው በመስከረምና በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ነው። ሳተላይቶች ባዩት መሠረት አረፋዎቹ ከሌላው ይልቅ በአፍሪካ ላይ ይበዛሉ፤ ከምድር ሆኖ የሚከታተላቸው መሣሪያ ግን ለረጅም ጊዜ በአህጉራችን እጅግ ጥቂት ነበር። ነገሩ ለፊዚክስ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። አውሮፕላን በሳተላይት ተመርቶ ሲያርፍ፣ ቀያሽ የገበሬ መሬት ድንበር ሲለካ፣ ሁለቱም በዚያ ሞገድ ላይ ይተማመናሉ። የቅኔውን አገር ስም የያዘው የዋሸራ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላብራቶሪ ደግሞ እዚያው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂና በሩን አንኳኪ።

አዮኖስፌር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ንጉሠ ነገሥቱ ከአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ለዓለም አቤት ያሉት በአጭር ሞገድ ነበር። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በየምሽቱ ገጠር ድረስ የገባው ሞገዱ ከአዮኖስፌር እየነጠረ ስለሚጓዝ ነው። አያትሽ የሬዲዮውን ባንድ ከ19 ወደ 31 ሜትር ሲያዞሩ የሚያደርጉት፣ ለሰዓቱ የሚስማማውን ድግግሞሽ መፈለግ ነበር፤ ሲመሽ ሞገዱን የሚውጠው የታችኛው ንብርብር ይጠፋና ዝቅተኞቹ ድግግሞሾች ሩቅ ይደርሳሉ። ወገናችን በልምድ ሲጠቀምበት የኖረውን ሰማይ በቁጥር የማወቅ ተራው የእናንተ ነው።

አሁን ወደ ታች፣ ወደ ዝናቡ ልውረድ። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ያለ ሊንክ ዋና ጠላቱ ዝናብ ነው። ጠብታው ኃይሉን ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። አንድ ሊንክ ከዓመቱ ውስጥ 99.99 በመቶ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ በዓመት ሊወድቅ የሚፈቀድለት 53 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ነሐሴ ውስጥ እንጦጦ ላይ ዶፉ ሲወርድ ያየ ሰው ያ 53 ደቂቃ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባዋል። ለስሌቱ የሚያስፈልገው የየደቂቃው የዝናብ ጥንካሬ ነው፤ በአብዛኞቹ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎቻችን የሚመዘገበው ግን የቀን ድምር ነው። የቀን ድምሩ ለገበሬው ይጠቅማል፤ ለሊንክ ነዳፊው ግን ዝናቡ በዐሥር ደቂቃ ይውረድ በዐሥር ሰዓት አይነግረውም። መረጃ ሲጠፋ ነዳፊው ወይ ከሚገባው በላይ ትልቅ ዲሽ ይሰቅላል፣ ወይ ሊንኩ በክረምት ይወድቃል። በሁለቱም የሚከፍለው ሕዝቡ ነው።

ነገሩን ገልብጠሽ ደግሞ እዪው። ዝናብ ሞገድን የሚያደክም ከሆነ፣ ከሞገዱ መድከም ዝናቡን ማወቅ ይቻላል። እስራኤላውያን ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳዩ፤ ቡርኪና ፋሶ ውስጥም ዋጋዱጉ አካባቢ በአንድ የሞባይል ኩባንያ ሊንክ ተሞክሮ ሠርቷል። በየኮረብታችን የተሰቀሉት የሞባይል ዲሾች መለኪያ ወደሌላቸው ወረዳዎች ሁሉ ያያሉ። ለዘመናት ማማ የወጣሁላቸው ዲሾች አንድ ቀን ለገበሬው ዝናብ ሲለኩ ባይ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተኝ ሥራ የለም።

አንቴናንና ስሌትን ናቂ ማለቴ አይደለም፤ ያለ እነሱ መለካትም አይቻልም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 የምድር ጣቢያዋ የተተከለው ከሠፈራችን በላይ እንጦጦ ላይ ነው። እንዲህ ያለች ሳተላይት በአንድ ማለፊያ ከጣቢያው በላይ የምትታየው ዐሥር ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በዚያች ጊዜ አንቴናው ሳይስታት ከአድማስ እስከ አድማስ ሊከተላት ይገባል። አንቴና የመንደፍ ጥበብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ ትረጃለሽ። አንቺ ግን ጥያቄሽን ከሰማዩ ጀምሪ፤ ምን ዓይነት አንቴና፣ ምን ዓይነት ስሌት እንደሚያስፈልግሽ ራሱ ጥያቄው ይነግርሻል።

አንድ ነገር አጥብቄ አደራ እልሻለሁ። የመለካት ሥራ ዋጋው የሚታወቀው ሳይቋረጥ ሲቆይ ነው። የፀሐይ እንቅስቃሴ ብቻ ከፍና ዝቅ ለማለት 11 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ የአንድ ዓመት መዝገብ ስለዚያ ምንም አይናገርም። የአራት ኪሎው መዝገብ የከበረው መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ሰው ሲመጣና ሲሄድ፣ በየጊዜው ተረካቢ ስላገኘ ነው። አንቺም መሣሪያ ስትተክዪ ከአንቺ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ አስቢ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተቀየረውን ኬብል ሳይቀር ጻፊ። መረጃሽን አትደብቂ፤ ለጅማም ለመቀሌም ለአዳማም ተመራማሪ ክፍት ይሁን።

ለውሳኔሽ አትቸኩዪ። ከመምህሮችሽ ጋር ተማከሪና የመረጥሽውን ጽፈሽ አሳውቂኝ። ሌላውን ብትመርጪም ከጎንሽ ነኝ። የዝናቡን ከመረጥሽ ግን የመጀመሪያውን መለኪያ እኛ ግቢ እንተክለዋለን፤ መዝገቡን በየቀኑ የምይዝልሽ እኔ ነኝ።

እናትሽና እህቶችሽ እጅግ አድርገው ሰላም ብለውሻል። እግዚአብሔር ዕውቀትሽን ይባርክልሽ፣ በሰላም አገናኝቶን ምርቃትሽን ያሳየን።

የሚወድሽና የሚናፍቅሽ አባትሽ