የእማዬ ብርድና የጣሪያው ፋን

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት የሚነሳውን ክርክር የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። አንዱ «ታፈንን እኮ!» ብሎ ይከፍታል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሸፈን አድርገው «ኧረ ልጄ ዝጋው፣ ብርድ ይመታል» ይላሉ። ፀሐይ አናት የሚበሳበት ቀን ቢሆንም ክርክሩ ያው ነው። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው ባይ ነኝ። የታፈነ አየር ያሳምማል፤ ላብ ያረጠበው ጀርባ ላይ የሚያርፍ ቀጭን ነፋስም ለደከመ ሰው ቀላል አይደለም። ይህ ክርክር ባሕር ተሻግሮ የቤቴ ዋና ጉዳይ ሆኖ ስለከረመበት በጋ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ላስ ቬጋስ፣ ሥራዬም ከባድ መኪና መንዳት ነው። ቬጋስ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው መብራቱና ቁማሩ ነው፤ ለእኛ ግን ታክሲ እየነዳን፣ ሆቴል እየሠራን ልጆች የምናሳድግባት ከተማ ናት። ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 አንዱን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። ችግሯ በረሃ መሆኗ ነው። እናቴ ከደሴ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2024 ሜይ ወር ላይ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ጁላይ 7 ቀን ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገባ። በከተማዋ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሙቀት ተመዝግቦ አያውቅም።

እማዬ 72 ዓመቷ ነው። ሳንባዋን ያማታል። ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። ደሴ ያያት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቃት «ምግብ የሚያበስሉት በምንድን ነው?» ብሎ ነበር። በእንጨት፣ በኩበት፣ በቅጠል፣ አንዳንዴ በከሰል። ስድስት ልጆች ያሳደገችበት ማድ ቤት መስኮት የለውም፤ ጭሱ የሚወጣው በበሩና ከቆርቆሮው ሥር ባለች ክፍተት ነው። ያቺንም ክፍተት ክረምት ሲገባ በጨርቅ ትወትፋታለች። የማገዶ ጭስ እንዲህ ላለው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ እንደሚዳርግ የዓለም ጤና ድርጅት ከተናገረ ቆይቷል። እኛ ልጆቿ ግን ማንም ሳይነግረን፣ ዓይናችንን እያሸን ያደግንበት ነገር ነው።

ቬጋስ ስትመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቃት። እዚህ ቤት ያለ ማቀዝቀዣ አይኖርም፤ እሷ ደግሞ ማቀዝቀዣውን ጠላችው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ጋቢ ተከናንባ፣ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፣ የክፍሏን የአየር ማስገቢያ በካርቶን ደፍና ትቀመጣለች። «ይሄ ነገር አጥንቴን ሰረሰረው» ትላለች። ስናጠፋው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤቱ ምድጃ ይሆናል፤ ትንፋሿም ያጥራል። ቆይታ ሳታደርግ «ትኬቴን ቀይርልኝና አገሬ ልግባ» ማለት ጀመረች። ስድስት ወር ልትቆይ ነበር የመጣችው፤ ከመምጣቷ በፊት 12 ዓመት አልተያየንም። ባለቤቴ አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «እማማ እንዲህ ሲሰቃዩ ከምናይ ብንሸኛቸው ይሻል ይሆን?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም።

የቬጋስ ሰው ከሙቀት የሚያመልጠው ወደ ተራራ ነው። ፍላግስታፍ የምትባለው የአሪዞና ከተማ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ዙሪያዋ ጥድ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነች፣ እማዬ አየሩን እንደምትወደው አልተጠራጠርኩም። ማደሪያም ነበረን። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ጡረተኛ የገዛሁት፣ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ፣ አሜሪካኖች አርቪ የሚሉት ተሽከርካሪ ቤት አለኝ። አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ጫካ ውስጥ በተፈቀደው ቦታ ያለ ክፍያ እስከ 14 ቀን ማቆም ይቻላል።

የመጀመሪያው ጉዞ ግን አልሆነም። የዚህ ዓይነት መኪና ጣሪያው መካከል ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው፤ ስፋቱ 14 በ14 ኢንች፣ በሳንቲ ሜትር 36 በ36 ያህል ነው። ላዩ ላይ በእጅ የሚዘወር የፕላስቲክ ክዳን አለ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በቀዳዳው ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። እውነቱን ለመናገር፣ ውጭ ነፋስ ከሌለ ምንም አይሄድም፤ ክፍሉ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይቆያል። እንዲሄድ ከተፈለገ ግራና ቀኝ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነፋሱ የእማዬን አልጋ አቋርጦ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። እዚያ አገር ጁላይና ኦገስት ላይ ልክ እንደ እኛ ክረምት ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና ዶፍ አለ። ክዳኑን ዘጋን። እማዬ ቡና ቆላች። ጭሱ መውጫ ሲያጣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ልጆቹ ጆሯቸውን ያዙ፣ እሷ እስኪነጋ ሳለች። በማግስቱ ተመለስን። መንገድ ላይ ስለ ትኬቱ እንደገና አነሳች።

ጣሪያው ላይ የተተከለ ማቀዝቀዣ አለ፤ ግን ከ1,000 ዋት በላይ ስለሚፈልግ ጫካ ውስጥ ያለ ጄኔሬተር አይሠራም። ቢሠራስ ማን ያስከፍተዋል? ሌላው መንገድ ያንን ክዳን አንስቶ በቦታው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ፣ ፋን፣ መትከል ነው። በመኪናው በራሱ የ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ በከፍተኛው ፍጥነት እንኳ ከ50 ዋት በታች ነው የሚወስደው። እኔን የሳበኝ ግን ኃይሉ አልነበረም። ፋኑ አየር ወደ ውጭ ሲስብ፣ ምትኩ የሚገባው በተከፈተው መስኮት ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው መስኮቱን የከፈተው ሰው ነው። የታክሲው ክርክር የማይፈታው ይህ ምርጫ ስለሌለ ይመስለኛል።

ፋኑን ከ300 ዶላር በላይ ገዛሁት፤ ዝናብ እየዘነበ ክፍቱን የሚሠራ፣ ከላይ ቆብ ያለው ዓይነት ነው። ለመትከል አንድ ጋራዥ የጠራው ዋጋ ከዕቃው ስለበለጠ፣ ልጅነቱን ደሴ ፒያሳ ቆርቆሮ ሲመታ ያሳለፈ ወዳጄን ጠራሁት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጣሪያው ላይ ወጣን፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እዚያ ላይ እጅ አይቀመጥም። የአርቪ ጣሪያ ስስ ስለሆነ ኮምፔርሳቶ አንጥፈን ተንበረከክን። እማዬ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አንተ ልጅ፣ በክረምት መግቢያ ቤት ይቀደዳል?» አለች። ወዳጄ ሳቁን ሲለቀው ከጣሪያው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ሥራው መትከል አይደለም፤ ማንሳት ነው። የቀድሞው ባለቤት በየዓመቱ ባፈሰሰ ቁጥር አሮጌው ላይ አዲስ ሲልከን እየደራረበ ቆይቷል። ሲልከን ላይ ሌላ ማሸጊያ አይጣበቅም፤ ስለዚህ እስከ ጣሪያው ድረስ በስፓቱላ መላጥ አለበት። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ጣሪያው የጎማ ሽፋን ስለሆነ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ላጽዳው ማለትም አይቻልም፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። እኛ በአልኮል ጠረግነው። ቪቴዎቹን ፈትተን አሮጌውን ክፈፍ ስናነሳ አንደኛው ጥግ ላይ ያለው እንጨት ውኃ ጠጥቶ ጠቁሯል። ወዳጄ በጣቱ ጫን ሲለው ገባ። ያንን ቆርጠን በደረቅ እንጨት ተካነው። ክዳኑን ባናነሳው ኖሮ ጥግ ጥጉን እየበላ በየዓመቱ ይሰፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በአዲሱ ክፈፍ ሥር ቡቲል የሚባለውን የማይደርቅ ተለጣፊ ዙሪያውን አስቀመጥን፣ በቪቴ አጠበቅን፣ በላዩ ላይ ራሱ እየፈሰሰ የሚደላደለውን የጣሪያ ማሸጊያ የቪቴዎቹ ራስ እስኪሸፈን አፈሰስንበት። መብራቱን አጠገቡ ካለው የኮርኒስ አምፖል ሳብን፤ በእርግጥ ባትሪውን አስቀድመን አላቅቀናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በብዙ አርቪዎች ውስጥ ጥቁሩ ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ የለመደ ሰው ጥቁርን ኔጌቲቭ ስለሚለው በቴስተር ሳይለካ መግጠም የለበትም።

ፋኑ ሲነሳ ድምፁ ትንሽ ነበር። «አሁን ይሄ ነፋሱን እኔ ላይ ነው የሚለቀው?» አለች እማዬ። ስናብራራላት አላመነችም። አላመነችም ብቻ ሳይሆን የራሷን መፈተኛ አመጣች፤ ማጨሻዋን። ዕጣን አጨሰችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ቆመች።

መጀመሪያ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ጭሱ ሰነፍ ሆነ፤ ዞር ዞር ይላል እንጂ መሄጃ የለውም። ጭራሽ ከመታጠቢያው ቧንቧ በኩል መጥፎ ሽታ መጣ። ፋኑ የሚስበው አየር ካላገኘ ከየትም ይጎትታልና፣ ደርቆ ከነበረው ቧንቧ ጎተተ። ውኃ አፍስሰንበት ጠፋ። ቀጥሎ ትራሷ አጠገብ ያለውን መስኮት ከፈትኩ። ጭሱ በትራሱ ላይ እንደ ገመድ ተወጥሮ አለፈ። «አየህ! አየህ ብርዱን!» አለች፤ ብርድ በዓይን ሲታይ የመጀመሪያዬ ነው። ያንን ዘግቼ ፊት ለፊት ምድጃው ጋ ያለውን ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፈትኩ። ጭሱ ከምድጃው ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ሄደ። እማዬ ማጨሻዋን ይዛ ወደ አልጋዋ ተመለሰች፤ እዚያ ጭሱ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ መሃል ያዘነብላል። በአልጋው ላይ፣ በአልጋው ሥር፣ በመጋረጃው ኋላ ፈተሸችው። ከዚያ ጋቢዋን አውልቃ አጠፈችው።

አልጋዋ ጋ ያለው አየር በዝግታ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ ከመተኛቷ በፊት እሷን ውጭ አስቀምጠን፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ ፋኑን 20 ደቂቃ በሙሉ ኃይሉ እናስኬደዋለን። ከዚያ በዝቅተኛው ፍጥነት ሌሊቱን ያድራል።

በጁላይ መጨረሻ ፍላግስታፍ ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ዶፉ ቆቡ ላይ ሲወርድ ፋኑ ይሽከረከር ነበር። እማዬ ቡናውን ምድጃው ላይ አስቀምጣ ቆላች፣ ጭሱ ወደ ላይ ነጎደ፣ ማስጠንቀቂያውም አልጮኸም። ቡናው ሲደርስ ብረት ምጣዱን ይዛ ልታስሸተን ስትዞር ግን ቆም አለች። «ሳናሸተው ወሰደው እኮ! አጥፉት ይሄን!» አጠፋን። ለእያንዳንዳችን አስሸተተችን፣ ልጆቼ በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሳቡት፣ ከዚያ «አሁን አብሩት» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ደንብ ይህ ሆነ።

ሳሉ አልጠፋም፤ የ50 ዓመት ጭስ በአንድ ፋን አይወጣም። ነገር ግን ሌሊቱን ተኛች። ሁለተኛው ሌሊት ሲነጋ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝና «ስማ» አለችኝ። የሚሰማ ነገር አልነበረም።

በአንድ ጉዳይ ተጣላን። ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ከሰል አያይዛ ወደ ውስጥ ልታስገባ ፈለገች። እምቢ አልኩ። በከሰል ጭስ ታፍነው የሞቱ ሰዎች ዜና አገር ቤት በየጊዜው የምንሰማው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ፋን አለና ደኅና ነኝም አያሰኝም። እንዲያውም አጠገብ የጎረቤት ጄኔሬተር ካለ ፋኑ ራሱ ጭሱን በመስኮት ስቦ ሊያስገባ ይችላል፤ እኔ እንዲያ ሲሆን ቦታ እቀይራለሁ። መርዙን የሚለየው መሣሪያ ከአልጋዋ አጠገብ ተሰቅሏል። እሷ «የማይናገር ሬድዮ» ትለዋለች።

ስድስት ወሯን ጨርሳ ኖቬምበር ላይ ተመለሰች። አሁን ወንድሜ ደሴ ላይ ለማድ ቤቱ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ሊያሠራ ዋጋ እየጠየቀ ነው። እሱ ከምድጃው በላይ ይሁን ይላል፤ እሷ በሩ አካባቢ ይሁን ትላለች። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ምክንያቷን ጠየቅኋት።

«ምድጃው ሥር የምቀመጠው እኔ አይደለሁ? ብርድ ይመታኛል።»

መጀመሪያ ዕጣን አጭሰሽ እዪው አልኳት።