ጆሮዎ ነው ያልኳቸው ሰው

ስህተቱን የሠራሁት በእጄ ነው፤ የከፋውን ግን በአፌ ተናገርኩት።

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ክፍል የቆየ የፈረንሳይ ሃርሞኒየም አለ። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲባል ሰው የሚታየው በአውሮፓ ካቴድራሎች ግድግዳ ላይ የተሰደረው ቧንቧ ነው። የኛው ቧንቧ የለውም። በእግር የሚረገጥ ወናፍ አለው፤ ንፋሱ ቀጫጭን የነሐስ ምላሶችን እያርገበገበ ሲያልፍ ድምፅ ይወጣል። ፓሪሳዊው አሌክሳንደር ዴባን በ1842 እ.ኤ.አ. ሃርሞኒየም ብሎ ካስመዘገበው ወዲህ፣ ቧንቧ መግዛትም ማጓጓዝም ያልቻለ ብዙ የሚሲዮን ቤት ይህንን ይዞ ዞሯል። እንዲህ ያለ ከባድ ዕቃ ወደኛ አገር የሚመጣው ከጅቡቲ በባቡር ነበር፤ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማችንም የተቆረቆረችው።

እኔም ሙያ የተማርኩት በሽመንደፈር፣ ማለትም በምድር ባቡሩ፣ አትሊዬ ነው፤ ቶርኖና ሞረድ። መለዋወጫ ከውጭ ካልመጣ እዚያው አቅልጠን፣ ቀርጸን እንገጥም ነበር። አለቆቻችን የማይለቁት ደንብ ነበራቸው፦ ከመፍታትህ በፊት ሣል፣ ከመሞረድህ በፊት ለካ፣ በፈታኸው ላይ ቁጥር ምታ። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ሰው የውሃ ፓምፑንም ጄኔሬተሩንም ያመጣልኝ ጀመር። «እሱ የማይጠግነው የለም» ተባለ፤ እኔም አመንኩ።

ቤተ ክርስቲያኑም ሃርሞኒየሙን እንድጠግን ሰጠኝ፤ ስፈታው አልሣልኩም። የድሬ ሙቀት የወናፉን ቆዳ አድርቆ ሰነጣጥቆት ነበር፤ አዲስ ቆዳ ቆርጬ በአናጺ ኮላ ለጠፍኩት። ድሮ የተጣበቀበት የቆዳ ሙጫ በሞቀ ውሃ ይላቀቃል፤ ከኋላ የሚመጣ ጠጋኝ ሳይጎዳው እንዲከፍተው ነው። የኔን ኮላ የሚከፍት ሰው ግን ቆዳውንም እንጨቱንም ይዞ ይነሳል።

ይህ ትንሹ ነው። ወጣቶቹ ኪቦርድ ገዝተው ነበር፤ ሁለቱ አብረው ሲመቱ አይስማሙም፤ ሃርሞኒየሙ ዝቅ ይላል። አርጅቶ ወርዷል ብዬ ፈረድኩ። የምላስ ጫፍ ሲሳሳ ድምፁ ይወጣል፣ ሥሩ ሲሳሳ ይወርዳል። በአንድ ረድፍ 61 ምላስ አለ፤ የሁሉንም ጫፍ እየፋቅሁ ወደ ኪቦርዱ አመጣኋቸው። አንዳንዶቹ ተሰበሩብኝ፤ ከነሐስ ቆርቆሮ ቆርጬ ተካሁ። የቱ ምላስ ምን ያህል ይል እንደነበር አንድ ቁጥር እንኳ አልጻፍኩም።

የፈረንሳይ መንግሥት በ1859 የመቃኛውን «ላ» በሰከንድ 435 ንዝረት ብሎ እንደደነገገ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ኪቦርዱ የሚከተለው 440 ዓለም አቀፍ ስምምነት ያገኘው በ1939 ነው። ልዩነቱ የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ሃርሞኒየሙ አልወረደም ነበር፤ ሲሠራም እዚያው ነበር። ደግሞ ይህን ለማወቅ የፈረንሳይ ሕግ ማንበብ አያስፈልገኝም ነበር። ምላሶቹ ሁሉ ዝቅ ያሉት በእኩል መጠን ነው፤ እርጅና እንዲህ እኩል አያከፋፍልም። ብረት ሠራተኛ ሆኜ ይህ እንዴት አልታየኝም?

ባስረከብኩ ዕለት ለዓመታት ሲመቱት የኖሩት ጋሼ ተቀመጡ። ጥቂት መትተው እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ይቺ የኔዋ አይደለችም።»

«ጋሼ፣ ጆሮዎ ነው» አልኩ። ወጣቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ክዳኑን ዘግተው ተነሱ፤ ከዚያ በኋላ አልመቱም። እኔ ክፍያዬን ተቀበልኩ።

የፓሪሱ ኖትር ዳም በ2019 ሲቃጠል ትልቁ ኦርጋን ከእሳቱ ተርፎ በእርሳስ ብናኝ ተሸፍኖ ነበር። ወደ 8,000 ከሚጠጉት ቧንቧዎቹ አብዛኞቹ ወርደው፣ ተጠርገው፣ እያንዳንዳቸው ወደየቦታቸው ተመለሱ፤ ቅኝቱ ብቻ ወራት ፈጀ፣ በሌሊት፣ ጸጥታ ሲሆን። ወዳጆቼ «ገንዘብ ስላላቸው ነው» ይሉኛል። ደብተርና እርሳስ ስንት ብር ነው?

አሁን በምላሶቹ ጫፍ ላይ ጠብታ ቆርቆሮ በመበየድ ድምፁን መልሶ ማውረድ ይቻላል፤ ካልተወደደም ይነሳል። የተፋቀው ነሐስና የቀድሞው ቃና ግን አይመለሱም። የሠራሁትን ሁሉ ጽፌ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰጥቻለሁ፤ የማላስታውሰውን ባዶ ተውኩት። እስካሁን እንድነካው አልፈቀዱም፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚራ ሰፈር ጋሼ ቤት ሄጄም ተናዘዝኩ። እስክጨርስ ሰሙኝና «እኔማ ያኔም የሰማሁትን አውቃለሁ» አሉ። «ሄደህ ለሳቁት ንገር።»

የሳቁት ግማሾቹ ድሬን ለቀው ሄደዋል፤ የት እንዳሉ አላውቅም። ይህን የጻፍኩት ለነሱ ነው።