እንግዳው ሐኪም ሶደሬ ሲዝናና አስተናጋጁ ምን ይላል?

ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ አዋሽ ዳር ያለችው ሶደሬ ቅዳሜና እሁድ እንግዳ አታጣም። አገሬው ለወገቡና ለጉልበቱ ፍልውሃ ፍለጋ ይመጣል። ለጥቂት ሳምንታት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሆስፒታሎች ሊለማመዱ የሚመጡ የውጭ የሕክምና ተማሪዎችም አረፍ የሚሉት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ስለ እነዚህ ጉዞዎች ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው በእንግዳው ዓይን ነው፦ ምን አየ፣ ምን ተማረ፣ ምን አስደነገጠው። ሰኞ ጠዋት ዋርድ ውስጥ የሚቀበሉት ኢንተርኑ፣ ሲስተሯ፣ ታማሚውና አስታማሚውስ ምን ይላሉ?

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከጥቅሙ እንጀምር። የውጭ ግንኙነት ለአገራችን ሕክምና ባዳ አይደለም። የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተው ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነበር። ከአዳማ ብዙም በማይርቀው አሰላም ከጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሽርክና የቆመ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም አለ። እንግዳ ይምጣ አይምጣ ብሎ መከራከር እንግዲህ ትርጉም የለውም። ቁም ነገሩ በማን ደንብ ይምጣ የሚለው ነው።

የአስተናጋጁ ወጪ በደረሰኝ አይታይም። እንግዳው አማርኛም አፋን ኦሮሞም አይችልም፤ ስለዚህ ኢንተርኑ ያስተረጉማል። በጠዋት ራውንድ አንድ ታማሚ የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፤ ተራ የሚጠብቀው ወረፋም እንደዚያው። እንግዳው የአገሩን መሣሪያ ስለለመደ፣ ያለ ሲቲ ስካን በእጅና በጆሮ እንዴት በሽታ እንደሚለይ የሚያሳየው ያው እንቅልፍ ያጣው ኢንተርን ነው። አስተማሪው ማን እንደሆነ ግን በወረቀት ላይ አይጻፍም።

ሌላም አለ። እኛ ዘንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ፈረንጅ ሁሉ "ዶክተር" ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይሁን ስፔሻሊስት፣ ከገጠር የመጣች እናት ልትለየው አትችልም። ባገሩ መርፌ ለመውጋት ፈቃድ የሌለው ልጅ እዚህ ስፌት ሲይዝ "እምቢ" የምትልበት አቅም የላትም። ባህላችንም እንግዳን ማሳፈር ይከለክላል። ታማሚዋ ዝም ያለችው ፈቅዳ ነው ብሎ መውሰድ ግን ይሉኝታን ከፈቃድ ጋር ማምታታት ነው።

ዕውቀት ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ ይፈስሳል ብሎ የሚያምን ካለ ደግሞ ማሚቱ ጋሼን ያስታውስ። በፊስቱላ ታማሚነት ወደ ዶክተር ሃምሊን ባልና ሚስት መጣች፤ ታከመች፤ ከዚያ ከእነሱ ጎን ቆማ በማየትና በመሥራት ቀዶ ጥገናውን ተማረች። መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት ከአገር ውስጥም ከውጭም የመጡ ሐኪሞችን አሠለጠነች። የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸልሟታል። ዲግሪ ጭኖ የመጣው እንግዳ ተማሪ፣ አስተናጋጇ መምህር ነበረች።

ጉዳዩን የሚያመው የመልሱ ጉዞ ነው። ከዚያ የሚመጣው ቪዛውን ብዙም ሳይቸገር ያገኛል። ከዚህ የሚሄደው ኢንተርን የባንክ ደብተር፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ "እመለሳለሁ" የሚል ማስረጃ ይዞ ኤምባሲ በር ላይ ይቆማል። ቢሳካለትም ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት ዳር ቆሞ ማየት ነው፤ ታማሚ አይነካም። እንዲህ ያለው ነገር "ልውውጥ" ከተባለ፣ ምኑ ነው የተለዋወጠው?

የተሻለ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌ ግን ከራሳችን ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት የዘርፉ ሐኪሞች 11 ገደማ ነበሩ። ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲስማማ የሚያስፈልገውን የተናገረው አስተናጋጁ ነበር። ከቶሮንቶ የሚመጣው ቡድን ለአንድ ወር ይቆይ ነበር፤ ሁለት መምህራንና አንድ ሠልጣኝ። ልብ በሉ፤ ሠልጣኙ የመጣው ከራሱ አስተማሪዎች ጋር ነው፤ የእኛ ሐኪም ሞግዚት እንዲሆን አልተፈረደበትም። ሐኪሞቻችን ለትምህርት ወጥተው የመቅረታቸው ነገርም መላ ተገኘለት፤ መምህሩ ወደ ተማሪው መጣ። ዛሬ እዚያው የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ያስተምራሉ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። እንግዳ የሚቀበል ሆስፒታል አራት ነገር ይጠይቅ፦ ተማሪው የት ደረጃ ላይ እንዳለ ለታማሚው በሚገባው ቋንቋ ይነገር፤ ባገሩ የማይፈቀድለትን እዚህ አይሥራ፤ ለሚያስተምረው ሐኪም ጊዜውም ድካሙም ይታሰብለት፤ ለሚመጣው ተማሪ ልክ ባይሆን እንኳ ከዚህም የሚሄድ ይኑር፤ ሄዶም እንዲሠራ ይፈቀድለት።

ይህን መጠየቅ እንግዳ ጠልነት አይደለም። ቡና የሚያፈላም ሰው ጀበናውን መቼ እንደሚጥድ የሚወስነው ራሱ ነው። ሆስፒታሎቻችን "እንኳን ደህና መጣችሁ" ማለቱን ያውቁበታል፤ "በዚህ ደንብ ግቡ" ማለትን ደግሞ ይልመዱ።