ለአንዱ ብቻ የሰጠሁት

በአንድነት ገዳም ለአንድ መነኩሴ ለብቻው ስጦታ መስጠት ነውር መሆኑን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። አውቅ ነበር። በዋግ፣ ዝቋላ ካለችው ከጽጽቃ እየተነሣሁ ገዳማትን መሳለም የጀመርኩት በወጣትነቴ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባጸኑት በሐይቅ እስጢፋኖስም ተሳልሜያለሁ። በቁሪት ገዳም መነኩሴው በየበኣቱ የራሱን ኑሮ ይኖራል፤ በአንድነት ገዳም ግን እርሻውም ጎተራውም ምእመን ያመጣውም ሁሉ የማኅበሩ ነው። ሁሉም በታዘዘበት ሥራ ውሎ መቁነኑን ከአንድ ቤት ይቀበላል። ሥርዓቱ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በላይኛው ግብፅ ከነበሩት ከአባ ጳኩሚስ የወረደ ነው። ባሕር ማዶም ቢሆን፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1940 በፈረንሳይ የተጀመረው የቴዜ ማኅበር ወንድሞች ለራሳቸው ስጦታም ውርስም አይቀበሉም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት።

መነኩሴ ወዳጄን ያገኘሁት ከአገራችን ርቆ ባለ አንድ የአንድነት ገዳም፣ በእንግዳ ቤቱ ነው። እግሬን እያጠበኝ የመጣሁበትን ጠየቀኝ፤ ጽጽቃ አልኩት። እጁን ከውኃው ሳያወጣ ቀና አለና በኽምጣና ሰላም አለኝ። እሱም የዝቋላ ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ከሥራ ሲመለስ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠን ስለ ተከዜ፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ሻደይ እናወራለን። እንዲህ ያለ ወዳጅ በዕድሜዬ አላገኘሁም።

በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ዝቋላን ሲመታ የእናቱ ፍየሎች አለቁ። አሮጊቷ ቤቴ ድረስ መጥታ «ድምፁን ብቻ አሰማኝ» አለችኝ። አበምኔቱን ባስፈቅድ ኖሮ መልካም ነበር። ያለዚያም ስልክ ገዝቼ ለመጋቢው አስረክቤ ጉዳዩን ማስረዳት እችል ነበር። ግን እንቢ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውለታው የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈለግሁ። ትንሽ ቀፎ ስልክ በነጠላ ጠቅልዬ በኣቱ ውስጥ ሰጠሁት። እጁ ተንቀጠቀጠ። «ማኅበሩስ?» አለኝ። «ለእናትህ ነው» አልኩት። በእናቱ ስም አፉን ዘጋሁት።

ዛሬ በአውቶቡስ የሚመጡ ተሳላሚዎች «የእኔ አባት» እያሉ ለየመነኩሴው በጓሮ ብር ሲያስጨብጡ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። የሚሰጡት ከፍቅር ነው፤ የእኔም ከፍቅር ነበር። ነገር ግን አብሮት በሚያርሰውና በሚፈጨው ወንድሙ ፊት የሚደብቀው ነገር የኖረው መነኩሴ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ነው።

ለወዳጄ የሰጠሁትን ስልክ አንድ አረጋዊ አባት አዩበት። በማግሥቱ ከጸሎት በኋላ ማኅበሩ ሲሰበሰብ እኔም ለመሳለም ሄጄ ከእንግዶች ጋር በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ወዳጄ በግንባሩ ተደፍቶ «በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። አበምኔቱ «ማን ሰጠህ?» ብለው ጠየቁት። ዝም አለ። ወደ እኔ አልተመለከተም። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ቀኖናውን ብቻውን ተቀበለ።

ቀጥሎ ስሄድ አልነበረም። ከአባቶች አንዱ፣ ሰጪው እኔ መሆኔን ሳያውቁ፣ «እኛስ ይቅር ብለነው ነበር፤ እሱ ግን ዓይናችንን ማየት አፍሮ ወጣ» አሉኝ። የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እናቱ ስልኩ ለምን እንደማይነሣ ስትጠይቀኝ ኔትወርክ የለም አልኳት። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ዋግ ስልክ ተቋርጦበት ስለነበር ወዲያው አመነችኝ። ያን ውሸት ከሁሉ ይልቅ እጸየፈዋለሁ። በዚህ ዓመት መጥምቁ ዮሐንስ ዕለት ቤቷ ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች፤ አልረገመችኝም። «ለእኔ መንገርህ ምን ያደርጋል? ዝም ባልክበት ቦታ ተናገር» አለችኝ።

ንስሐ አባቴም ያዘዙኝ ይህንኑ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ወደ ገዳሙ እሄዳለሁ። ከጸሎት በኋላ ማኅበሩ እስኪሰበሰብ ቆይቼ ስልኩን የሰጠሁት እኔ መሆኔን፣ ሲጠየቅም በሩ አጠገብ ቆሜ እንደነበር እናገራለሁ። ወዳጄ ቢመለስ የሚቀበሉት እንደሆነም እጠይቃቸዋለሁ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ እሱን መፈለግ የእኔ ሥራ ነው።