ግማሽ ሳይሆን አንድ ሦስተኛ



ባለፈው ጥር ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ከደሴ ወደ ኩታበር ለዚያራ ሄደን ነበር። ያረፍንበት የገጠር መስጂድ መብራት የሚያገኘው ከአንድ ባለ 100 ዋት የሶላር ፓኔል ነው። ደረሶች ማታ ማታ ቁርኣን ይቀሩበታል፤ ባትሪው ግን ለሱብሒ አይደርስም። ጀመዓው «ፓኔሉ አርጅቷል» ብሎ ለሁለተኛ መግዣ ማዋጣት ጀምሯል።

ጣሪያው ላይ ስንወጣ ፓኔሉ አቧራ ለብሷል። ካፊያ ያወረደው አቧራም ታችኛው ጠርዝ ላይ ጭቃ ሆኖ ደርቋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስንለካ 2.4 አምፔር ሆነ። ወልውለን፣ ሻይ ጠጥተን፣ 5 ሰዓት ላይ ስንለካ 4.8። «ግማሹን የበላው አቧራ ነው፤ ሌላ አትግዙ» አልናቸው። መዋጮው ቆመ።

ደሴ ከተመለስን በኋላ ግን አንዲት እህታችን «በሁለቱ ልኬት መሀል ፀሐይዋም እኮ ከፍ ብላለች» አለችን። እውነቷን ነው፤ ፀሐይዋ የጨመረችውን ሁሉ ከአቧራው ቆጥረነዋል። «ትንሽ ልዩነት ናት፣ እንተወው» ያልንም ነበርን። ነገር ግን ሰዎቹ መዋጮ ያቆሙት በእኛ ቃል ነው፤ አማና አለብን።

በሳምንቱ ተመለስን። በጠራ ሰማይ፣ በዚያው በ3 ሰዓት፣ የተወለወለው ፓኔል 3.6 አምፔር ሰጠ። ስለዚህ ቆሻሻው የወሰደው ግማሹን ሳይሆን አንድ ሦስተኛውን ነበር።

ያቺ ቀጭን ጭቃ ይህን ያህል መጉዳቷ ሊገርም ይችላል። የፓኔሉ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲሸፈን የሌሎቹንም ጉልበት ይይዛል። በረዶ በሚከመርባቸው አገሮችም አብዛኛው በረዶ ተንሸራቶ ወርዶ ታችኛው ጠርዝ ላይ ጥቂት ብቻ ቢቀር የሚጠፋው ኃይል ከተሸፈነው ስፋት ይበልጣል። ኪሳራ በተሸፈነው ስፋት ብቻ አይገመትም።

ከዚህ በላይ ያሳሰበን ግን ክረምቱ ነው። የኩታበር ጉም የሚያርፈው ፓኔሉ ላይ ሳይሆን ሰማዩ ላይ ነው፤ በጨርቅ አይወለወልም። በበጋ መወልወሉ ለሱብሒ ያደርሳል፤ ለክረምት ግን ሁለተኛው ፓኔል ያስፈልጋል። በተሳሳተው ቁጥራችን ብንጸና ኖሮ ደረሶቹን ለክረምት ጨለማ ዳርገናቸው ነበር።

ይህንን ለኢማሙ እያፈርን ነገርናቸው፤ መዋጮውም እንዲቀጥል ጠየቅን። አልተቆጡም። ትንሽ ዝም ብለው ወደ ደረሶቹ ዞሩና «በሉ፣ ጨርቁን ዛሬ የሚይዘው ማነው?» አሉ።

ቤተሰቦቻችሁ ዘንድ ሶላር ካለ በጠዋት፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በለስላሳ ጨርቅና በውሃ ወልውሉት፤ ታችኛውን ጠርዝ አትርሱ። ስትለኩም ሰዓቱ አንድ፣ ሰማዩም አንድ ዓይነት ይሁን።