ባዝራዪቱና በቅሎዪቱ

ባለፈው ዓመት በዕረፍት ሰዓት የክፍላችን ልጆች ፌራሪና ፖርሸ ከሚባሉት ፈጣን ኦቶሞቢሎች የትኛው እንደሚሻል ይከራከሩ ነበር። አንደኛው፣ «ልብ የኢጣሊያውን ፌራሪ ይወዳል፤ ጭንቅላት ግን የጀርመኑን ፖርሸ ይመርጣል» አለ። እኔ ዝም አልሁ። በሁለቱም ዓርማ ላይ ፈረስ መኖሩን ባየሁ ጊዜ ሐሳቤ ወደ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ሄዶ ነበርና። (ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሁለቱም ቢሆኑ የአሸተን ማርያምን ዳገት አይወጡም።)

አባቴ እንግዶችን በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም እያወጣ ያሳደገን ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ ሲጠፋ በቅሎአችን ተሸጠች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥቂት ብር ተጠራቅሞ ሌላ ለመግዛት ሁለታችን ገበያ ወጣን።

ሁለት እንስሶች ቀረቡልን። አንዲቱ ግንባሯ ቦራ የሆነ ዳማ ባዝራ ናት፤ ስትራመድ መሬቱን የምትንቅ ትመስል ነበር። ሁለተኛዪቱ አመድማ በቅሎ ስትሆን ስለ መልኳ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው በፈረስ ስም የተጠሩበት ምክንያት በዚያች ሰዓት ገባኝ። በበቅሎ ስም የተጠራ ንጉሥ ግን አልሰማሁም።

ስለዚህ ለአባቴ ክርክር አቀረብሁ። «አባዬ፣ ባዝራዪቱ በዋጋ ትረክሳለች። ደግሞም የባዮሎጂ መምህራችን እንዳስተማሩን የፈረስ ክሮሞሶም 64፣ የአህያ 62፣ የበቅሎ 63 ስለ ሆነ በቅሎ መካን ናት። ባዝራዪቱን ከአህያ ብናስጠቃት ግን በቅሎ ትወልድልናለች» አልሁት። በንግግሬ እኔው ራሴ ተደነቅሁ።

አባቴ መልስ ሳይሰጥ የሁለቱንም ጥርስ አየ፤ ጀርባቸውን ዳሰሰ፤ ከዚያም ድንጋይ ወደ በዛበት ቁልቁለት ተራ በተራ ጎተታቸው። ባዝራዪቱ ጠጠሩ ሲንሸራተትባት ደንግጣ አንገቷን ሰቀለች። በቅሎዪቱ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መሬቱን አሸተተችና እግሯን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ወረደች።

«እነዚያ የጠራሃቸው ታላላቅ ሰዎችም ረጅም መንገድ ሲሄዱ በበቅሎ ተቀምጠው ፈረሱን ያስጎትቱ ነበር» አለኝ። «እርግዝናው ዐሥራ አንድ ወር ነው፤ ውርንጭላው ሰው እስኪሸከም ደግሞ ሦስት አራት ዓመት። እኅትህ ለትምህርት ወደ ወልድያ የምትሄደው በመስከረም ነው። ልብ በል ልጄ፤ አንተ መጀመሪያ ወደድሃት፤ ምክንያቱን ኋላ ፈለግህላት።»

አፈርሁ፤ እውነቱን ነበርና። ጓደኛዬ ልብንና ጭንቅላትን ሲያጣላ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። በአማርኛችን ልባም የሚባለው አስተዋዩ ሰው ነው፤ ልበ ቢስ የሚባለውም ማስተዋል የጐደለው። የእኔ ልብ በዚያን ቀን የባዮሎጂ ደብተር ተሸክሞ ነበር የመጣው።

በቅሎዪቱን ገዛን። ልጓሟን ይዤ ከፊት ስሄድ ባዝራዪቱ ከኋላችን አሽካካች። እኔ እንዳላለቅስ ብዬ ዞር አላልሁም። አባቴ ግን የማላየው መስሎት ገበያው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ሦስት ጊዜ ዞሮ አያት።