ቤቶች፣ ውሻ ያዙልኝ

እንጅባራ ላይ የሰው ደጅ ደርሶ ዘው ብሎ መግባት የለም። ከአጥሩ ውጭ ይቆምና «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» ይባላል። ከውስጥ ሰንሰለት ይንኳኳል፤ አንድ ልጅ ውሻውን በስሙ እየጠራ ይቆጣል፤ «ግቡ፣ ተይዟል» የሚለው ድምፅ እስኪመጣ ይጠበቃል። ከአዲስ አበባ ለሥራ መጥቼ እዚህ ቤት ከተከራየሁ ጀምሮ የሰው ደጅ የምረግጠው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱንም ወድጄዋለሁ። እንግዳውም ባለቤቱም ውሻው አደገኛ መሆኑን ሳይሸሽጉ ነው የሚገናኙት። የሚያስቸግረው ውሻው ሳይያዝ ሲቀር ነው፤ ይልቁንም ማታ፣ ይልቁንም ውሻው ከገዛ አጥር ማዶ ሲሆን።

የአዊን ኑሮ ላየ ሰው ውሻ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ክረምቷ ረጅም፣ ጉሟ ወፍራም ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ቀርቀሃው፣ የድንች ማሳው፣ ለከሰል የተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ይከታተላል። ጉረኖ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ጉረኖው ውስጥ ደግሞ የዳንግላ በግ እየተባለም የሚጠራው ቀንድ አልባው ዋሸራ አለ። ጉሙ ለጅብም ለሌባም ይመቻል። አጥሩ ቀርቀሃ ነው፤ ዓይን ይጋርዳል እንጂ ጅብ አያቆምም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ውሻ ነው።

አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ ሦስት ውሾች አሏቸው። ትልቁ ቡኒ ነው፤ ጆሮዎቹ በቡችላነቱ ተቆርጠዋል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ጅብ ሲገጥመው መያዣ እንዳያገኝ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ቀን ቀን ከጓሮ ካለች ጨለማ ክፍል ታስሮ ይውላል፤ ሰው እንዳይለምድ ነው። «ሰው ከለመደማ ምኑን ውሻ ሆነ?» ይላሉ። ሲመሽ ሦስቱም ይፈታሉ። የኛ ግቢ መጸዳጃ ቤት ከጓሮ ስለሆነ ሌሊት ወደዚያ የሚያስኬደው መንገድ አጥሩን ታክኮ ያልፋል። በአንድ ቦታ ቀርቀሃው በስብሶ ጭንቅላት የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጥሯል። በባትሪ ሳበራ ከክፍተቱ የሚወጣው የቡኒው አፍንጫ ነው፤ ላዩ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፣ የዝናብ ጠብታ ይንጠለጠልበታል፣ ከሥሩ ከንፈሩ ተሰብስቦ ድዱ ይታያል። አይጮኽም። መጮኹን የሚተው ውሻ ከሚጮኸው እንደሚብስ ያወቅሁት እዚያ ነው። ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ማለት ለመንገድ ውሻ ይሠራል፤ ይኼኛው ግን ጎንበስ ስል ይብሱን ይጠጋል። ጌታው የሚያዙት በአውኚ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ «ሂድ!» ብለው ጆሮም አይሰጠኝ።

እንግዳን መቀበል ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1770 በአገው ምድር አልፎ ግሽ ደርሷል። ሮበርት ቺስማን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የተቀመጠው እዚሁ አገር፣ ዳንግላ ነው። እኔንም ያለ ቡናና ያለ ድንች ያሳደረኝ ጎረቤት የለም። ሽማግሌውም እንግድነቴን ቆጥረው ወደ ግቢያቸው ወሰዱኝና ቡኒውን በሰንሰለት ይዘው የእንጀራ ፍርፋሪ በእጄ አስጎረሱት። «ከእንግዲህ ያውቅሻል» አሉ። በቀን ብርሃን እውነት ነበር፤ ጅራቱን እስከ መቁላት ደረሰ። በጨለማ ግን ያው ነው። ሰውዬው በውሻቸው ስለሚኮሩ ይህን ደጋግሞ መናገር ከበደኝ፤ አጥሩ እንዲጠገን የጠየቅኋቸውም ከብዙ ማመንታት በኋላ ነው። «ዝናቡ ያባራ» አሉኝ።

ዝናቡ ሳያባራ የአብሮ ተከራያችን ልጅ ተነከሰች። ኳሷ ወደ ክፍተቱ ተንከባልላ ልታነሣ ሄዳ ነው። የዚያን ዕለት ቡኒው በቀንም አልታሰረም ነበር። ባቷ ላይ ሁለት የጥርስ ቀዳዳና አንድ የተቦጨቀ ቦታ ይታያል። አንዷ ጎረቤት የተወቀጠ ቡና ይዛ ሮጠች፤ ሌላዋ አመድ ነው የሚበጀው አለች። ወጣቶች ዱላ ይዘው ውሻውን ሊገድሉት አጥሩን ከበቡ። ቤት የነበረች ተከራይ ነርስ ሁሉንም ገፍታ ልጅቷን ቧንቧ ሥር አስቀመጠቻትና ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ታጥብ ጀመር። ልጅቷ እያለቀሰች፣ እናቷ «በቃ፣ ጠራ» እያለች፣ ነርሷ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ አልተወችም። በዚያው መሐል ወደ ወጣቶቹ ጮኸች፦ «እሰሩት እንጂ አትግደሉት!»

ምክንያቱን በኋላ አስረዳችን። የእብድ ውሻ በሽታ ያለበት ውሻ፣ ሲነክስ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ከነበረ፣ በ10 ቀን ውስጥ ታሞ ይሞታል። ታስሮ 10 ቀን በጤና ከቆየ በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ውሻውን በዱላ የገደለ ሰው ይህን የማወቂያ መንገድ ዘግቷል። የልጅቷ ክትባት ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ይጀመራል፤ ውሻው ደህና ከሆነ ይቋረጣል። ምልክቱ እስኪታይ የጠበቀ ሰው፣ ውኃ መፍራቱ አንዴ ከመጣበት በኋላ፣ የሚያድነው ሐኪም የለም ማለት ይቻላል።

የሽማግሌው ባለቤት ይህን ስትሰማ አገጯን ይዛ ተቀመጠች። ወንድሟ በወጣትነቱ ተነክሶ 14 ቀን በተከታታይ ሆዱ ላይ ሲወጋ አስታምማዋለች። ያ መድኃኒት ከበግ አንጎል የሚሠራው አሮጌው ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ክትባት እንዲቀር ከመከረ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ አገራችን ግን ለረጅም ጊዜ ስትጠቀምበት ኖራለች። አሁን ያለው ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን መርፌውም ጥቂት ነው። ልጅቷ ይኼኛውን ነው የተወጋችው።

በሽታው ለጎጃም የቆየ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በወሎና በጎጃም ከባድ ወረርሽኝ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ዛሬም በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ የኢትዮጵያ ድርሻ 2,700 ገደማ ነው ይባላል። ሁሉም ማለት ይቻላል በውሻ ንክሻ የመጣ ነው፤ በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከዐሥሩ አራቱ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ የምትታየኝ ያቺ ኳስ ናት።

ስለ ካሣ ክስ ያነሣ ሰው አልነበረም። ሕጉ ግልጽ ነው፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም። ነገሩን የያዙት ግን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ጎረቤታችን ሳይከራከሩ የሕክምናውንና የትራንስፖርቱን ወጪ ቻሉ፤ በማግሥቱ በዝናብ ቆመው አጥሩን በአዲስ ቀርቀሃ ሠሩት። እርቁ በቡና አለቀ። እኔ ግን ከእርቁ በኋላም አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ስለ አጥሩ ተነጋግረናል፣ ስለ ሰንሰለቱ ተነጋግረናል፣ ውሻው ስለመከተቡ ግን የጠየቀ አልነበረም። የኃይለኛ ውሻ ጎረቤት ጥርሱን ብቻ ይፈራል፤ ያልተከተበ ውሻ ግን ቢለማመጥም፣ ጅራቱን ቢቆላም፣ የባሰው አደጋ ምራቁ ነው። ተከትቧል ወይ ብሎ መጠየቅ ባለቤቱን ማስቀየም ይመስለናል። እዚህ ላይ ይሉኝታ ቦታ ሊኖረው አይገባም። ተነክሶ ሐኪም ቤት ከተሮጠ በኋላ ስለ ክትባት ማውራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እርቁ ካለቀ በኋላ ጠየቅኋቸው። አልተቀየሙም። «በጉን እንጂ ውሻውን ያስከተበ በሰፈራችን አላየሁም፣ ልጄ» አሉኝ። 10 ቀኑ አልፎ ቡኒው ደህና መሆኑ ሲታወቅ ሦስቱንም ይዘው ወደ እንስሳት ሕክምና ሄዱ። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሁለት ጎረቤቶች ደግሞ በሌላ ቀን የየራሳቸውን ወሰዱ። ባለሙያዎች በሽታው በአንድ አካባቢ እንዳይዛመት ከውሾቹ 70 በመቶው ይከተቡ ይላሉ፤ የአንድ ሰፈር ባለቤቶች ተመካክረው ይደርሱበታል ብዬ አምናለሁ።

ባለቤት የሌላቸው ግን አሉ። ዳንግላ ለገበያ ስወርድ ከሥጋ ቤቶቹ ፊት ተኝተው የሚውሉትን፣ ማታ በመንጋ የሚዞሩትን አያለሁ። እነሱን ማን ያስከትብ ብዬ ሽማግሌውን ስጠይቃቸው፣ «እሱ የከተማው ሥራ ነው፤ እኛ የራሳችንን እንያዝ፣ ከተማውም የራሱን ይያዝ» አሉኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።